ከቦሌ ከመብረራችሁ በፊት፦ ውጭ ለሚማር ሰው የስልክና የባንክ ጉዳይ

ቪዛው የተመታለት ተማሪ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ሻንጣ ሲመዝንና ዘመድ ሲሰናበት ያሳልፋል። በርበሬውና ሽሮው ቢረሳ በሰው እጅ ይላካል። በአካል ቀርባችሁ ካልፈረማችሁ የማይሆነው የባንክና የቴሌ ጉዳይ ነው። ዛሬ ሰንጋ ተራ ወይም ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካሉት ቅርንጫፎች አንዱ ጋ ወረፋ ይዛችሁ በአንድ ፊርማ የምትጨርሱት ነገር፣ ከሄዳችሁ በኋላ በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና፣ የፖስታ ወጪና የቤተሰብ ደጅ ጥናት ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው እዚህ፣ ቢያንስ ከበረራው አንድ ወር አስቀድሞ ነው።

መጀመሪያ ስማችሁን አስተካክሉ

ከሁሉም የሚቀድመው ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው የሚያስበው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የእናንተንና የአባታችሁን ስም አንድ ላይ ያደርግና የአያታችሁን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስቀምጣል። ውጭ አገር የባንክ ካርዱ፣ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይልና ፖስታው ሁሉ አያታችሁን ይጠራል ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለው የባንክ ደብተራችሁ ግን ምናልባት በስማችሁና በአባታችሁ ስም ብቻ የተከፈተ ነው። ላኪና ተቀባይ የተለያየ ስም ሲይዙ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይታገዳል ወይም ይመለሳል።

የፊደል አጻጻፉም እንዲሁ ነው። ፀሐይ በፓስፖርቱ በ«ቲ-ኤስ» ተጀምራ በ«ዋይ» ካለቀች፣ በባንክ ደብተሩ በ«ኤስ» ብቻ ተጀምራ በ«አይ» ካለቀች፣ ለእኛ አንዲት ልጅ ናት፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሰነዶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ፦ ፓስፖርት፣ ፋይዳ፣ የባንክ ሂሳብ፣ ቴሌብር፣ የዩኒቨርሲቲው የመቀበያ ደብዳቤ። መለኪያው ፓስፖርቱ ነው፤ ሌሎቹ ወደ እሱ ይስተካከላሉ። ባንኩ ፓስፖርታችሁን አይቶ የእንግሊዝኛውን ስም እንዲያርም ጠይቁና ሲታረም የሂሳብ መግለጫ በእንግሊዝኛ አሳትማችሁ አረጋግጡ። «ታርሟል» ብለው ቢነግሯችሁም ወረቀቱን በዓይናችሁ ሳታዩ አትውጡ።

የልደት ቀንም ያወናብዳል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስምንት ዓመት አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1998 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2005 ነው፤ ጥር 5 ቀን 1998 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 2006 ነው። የባንክ ፎርም በአገራችን አቆጣጠር ተሞልቶ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ ገብቶ ከሆነ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅታችኋል ማለት ነው። ይህንንም አሁኑኑ አሳርሙ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር፦ ብዙ የውጭ ባንኮች ለደኅንነት ጥያቄ የእናታችሁን ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟን ስለማትለውጥ አንዱ የእናቱን አባት፣ ሌላው የእናቱን አያት ስም ይጽፋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ስልክ ላይ ሲጠየቅ የጻፈውን አያስታውስም። የእናታችሁን አባት ስም ምረጡ፤ አጻጻፉን በማስታወሻ ያዙ፤ ለሁሉም ቦታ እሱኑ ተጠቀሙ።

የኢትዮጵያ ቁጥራችሁን በሕይወት አቆዩት

«ስመለስ አዲስ አወጣለሁ» ብሎ ሲሙን ለታናሽ ወንድሙ ትቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። የአዲስ አበባው ባንክ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ግን ለዚያ ቁጥር ነው። ቴሌብራችሁ፣ ቴሌግራማችሁ፣ የኢሜይላችሁ መክፈቻም ከእሱ ጋር የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ፦

ሲሙ በማን ስም እንደተመዘገበ አረጋግጡ። በእናት ወይም በታላቅ ወንድም ስም የወጣ ሲም በጣም የተለመደ ነው። ሲጠፋ ምትክ የሚሰጠው ለተመዘገበው ሰው ስለሆነ፣ ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ ወደ ሽያጭ ማዕከል ሄዳችሁ በስማችሁ አዙሩት።

ሮሚንግ (ሲሙ ውጭ አገር እንዲሠራ የሚያደርገው አገልግሎት) መከፈቱን በቴሌ 994 ደውላችሁ ወይም በማዕከሉ ጠይቁ፤ የምትሄዱበትን አገር ስም ጠርታችሁ፣ መልእክት መቀበል እንደሚሠራና ዋጋውን እዚያው አስነግሩ። ከዚያ ስልኩ ላይ ዳታ ሮሚንግን ዝጉ። ይህ ካልተዘጋ ገና ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ ስልኩ በራሱ ፎቶና መተግበሪያ ማዘመን ይጀምርና የሞላችሁት ሂሳብ በደቂቃዎች ያልቃል።

ለረጅም ጊዜ ያልተሞላና ያልተደወለበት ቁጥር ይዘጋል፤ ቆይቶም ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። ያኔ የእናንተ ኮድ ወደማታውቁት ሰው ስልክ ይሄዳል። ቤት ያለ ሰው በየወሩ በቴሌብር ትንሽ የአየር ሰዓት ይሙላላችሁ፤ እናንተም አልፎ አልፎ አንድ አጭር መልእክት ላኩበት።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ የራሳችሁን የይለፍ ቃል አውጡ፤ መመለሻ ኢሜይልም አስገቡ። ቁጥሩ አንድ ቀን እንኳ ቢያመልጣችሁ ሌላ ሰው በኮድ ብቻ አይገባም። የሲሙን ፕላስቲክ ካርድም አትጣሉት፤ ፒን ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ መክፈቻው የፐክ ቁጥር እዚያ ላይ ነው።

የባንክ መተግበሪያውን ደግሞ ይዛችሁት በምትሄዱት ስልክ ላይ ጭናችሁ፣ ትንሽ ገንዘብ አስተላልፋችሁበት ሞክሩ። ስልክ ስትቀይሩ አንዳንድ ባንኮች መተግበሪያውን እንደገና ለማስጀመር ቅርንጫፍ ቅረቡ ይላሉ። አዲስ ስልክ ልትገዙ ካሰባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ይሁን።

በውጭ ፎርም ላይ ቁጥራችሁን ስትሞሉ የፊቱን ዜሮ ትታችሁ በ+251 ጀምሩ። ዜሮውን ከጨመራችሁ ኮዱ አይደርስም።

የምትይዙት ስልክ

*#06# ብትደውሉ 15 አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። በማስታወሻ ያዙት፤ የሚያስፈልገው ለሦስት ነገር ነው።

አንደኛው አሜሪካ ለሚሄድ ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ የስልክ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ አገልግሎታቸውን ዘግተዋል፤ የድምፅ ጥሪ የሚሄደው በ4ጂ ላይ ነው። እዚህ በደንብ የሚሠራ ስልክ እዚያ ኢንተርኔት እያገኘ መደወል ግን ሊያቅተው ይችላል። ከእነሱ አንዱ የሆነው የኤ-ቲ-ኤንድ-ቲ መረብ ደግሞ በራሱ ዝርዝር ያልፈቀደውን ሞዴል አይቀበልም። የመረቡን ድረ ገጽ ከፍታችሁ መለያ ቁጥሩን አስገቡ፤ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ወዲያው ይነግራችኋል። ሁለተኛው ቱርክ ለሚሄድ ነው፦ ከውጭ የገባ ስልክ በቱርክ ሲም የሚሠራው ለ120 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መለያ ቁጥሩ ክፍያ ተከፍሎበት ካልተመዘገበ ይዘጋል፤ ክፍያውም ከመካከለኛ ስልክ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሦስተኛው ስልኩ ሲሰረቅ ለፖሊስ ማመልከቻ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣላችሁ አይፎን ካላችሁ ሁለት ነገር እዩ። ከአንድ ድርጅት ጋር የተቆለፈ ከሆነ የሌላ ሲም አይቀበልም፤ በመቼቱ ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ገጽ የሲም ገደብ እንደሌለበት አረጋግጡ። ከአይፎን 14 ጀምሮ ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም፤ በኢ-ሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተሠራ ዲጂታል ሲም ብቻ ይሠራሉ። አሜሪካ ደርሳችሁ ይህን ስልክ ከገዛችሁ ከአዲስ አበባ ይዛችሁት የሄዳችሁት ሲም ማረፊያ ያጣል። ወይ እዚህ እያላችሁ ቁጥሩን ወደ ኢ-ሲም አስቀይሩ፣ ወይ አሮጌውን ስልክ ለኮድ መቀበያ አቆዩት። ለተማሪ ከሁሉ የሚመቸው ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ያልተቆለፈ ስልክ ነው፦ በአንዱ የአገር ቤቱ፣ በሌላው የአዲሱ አገር።

ገንዘቡ ከአዲስ አበባ እንዴት ይወጣል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሂሳቡ ተለውጧል። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በጥር ያሰላችሁት የትምህርት ክፍያ በነሐሴ አይበቃም፤ ትርፍ ብር አስቀምጡ፤ የቀኑንም ዋጋ ከባንኩ ጠይቁ።

የትምህርት ክፍያ በባንክ ለመላክ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የመቀበያ ደብዳቤና ዩኒቨርሲቲው በስማችሁ ያወጣው የክፍያ መጠየቂያ ይዛችሁ ቅረቡ። ምንዛሪ በማመልከቻው ዕለት ላይገኝ ይችላል፤ ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቁ፣ ጊዜም ተዉለት። ፎርሙ ላይ የሚበላሹት ሁለት ቦታዎች ናቸው። «የክፍያ ምክንያት» በሚለው ላይ የተማሪ መለያ ቁጥራችሁን ጻፉ፤ ያለ እሱ ገንዘቡ ዩኒቨርሲቲው ደርሶ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀመጣል፤ እናንተ ደግሞ አልከፈላችሁም ተብላችሁ ከምዝገባ ትታገዳላችሁ። ቀጥሎ የማስተላለፊያ ክፍያውን ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ አለ። «ሁሉንም ላኪው» የሚለውን ምረጡ። ካልሆነ በመካከል ያሉ ባንኮች ከዋናው ላይ ይቀንሱና የትምህርት ክፍያው ጎድሎ ይደርሳል። የስዊፍት ኮዱ (የተቀባዩ ባንክ መለያ) 8 ወይም 11 ፊደልና አሃዝ መሆኑን፣ የጀርመን አይባን (ዓለም አቀፉ የሂሳብ ቁጥር) 22፣ የጣሊያን 27 መሆኑን ቆጥራችሁ አስገቡ። ስትጨርሱ የማስተላለፊያውን ቅጂ ተቀበሉና ፎቶ አንስታችሁ ለዩኒቨርሲቲው የፋይናንስ ክፍል ላኩ።

ለኪስ የሚሆነውን ጥሬ ገንዘብም ከባንክ ወይም ፈቃድ ካለው የምንዛሪ ቢሮ በፓስፖርትና በቲኬት ግዙ። የሚሰጧችሁን ማስረጃ ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት፤ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይጠይቃል። በብር ሂሳብ ላይ ያለው የኤቲኤም ካርዳችሁ ውጭ አገር እንዲያገለግል አትጠብቁ፤ ቴሌብርም እዚያ ሱቅ አይከፍልም። ባንኩ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ ዓለም አቀፍ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ካለው ውሰዱ፣ ፒኑንም እዚሁ ሳላችሁ አስነሱ። የመጀመሪያውን ወር የሚያሻግር ገንዘብ በሁለት መልክ ቢያዝ ይመረጣል፦ ከፊሉ በጥሬ፣ ከፊሉ በካርድ።

ጀርመን የሚሄድ የራሱ ሥርዓት አለው። ለቪዛ የሚጠየቀው የታገደ ሂሳብ፣ ሽፔርኮንቶ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ዩሮ ይለቀቃል። የሚለቀቀው ግን ጀርመን ገብታችሁ ተራ ሂሳብ ከከፈታችሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን የቤት ኪራይ ከዚህ ገንዘብ እከፍላለሁ ብሎ የሚገባ ሰው ይቸገራል።

ውክልናውንም አትርሱ። ለምታምኑት ሰው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ውክልና ስትሰጡ «በስሜ ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል አጠቃላይ ቃል ባንክ ላይ አይበቃም። ሂሳብ ማንቀሳቀስ፣ የሂሳብ መግለጫ መቀበል፣ ምትክ ሲም ማውጣት የሚሉት በየስማቸው ይጻፉ። የባንኩን ስምና የሂሳብ ቁጥሩን መጨመርም ጥሩ ነው።

ከደረሳችሁ በኋላ፦ ስልክ

አዲስ ቁጥር ከሌለ ባንክ አይከፈትም፤ ስለዚህ ስልኩ ይቀድማል። ኤርፖርት ላይ የሚሸጠው የቱሪስት ሲም ውድ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን በግቢው ዋይፋይ አሳልፋችሁ ከተማ ውስጥ ግዙ። ሁልጊዜ ቅድመ ክፍያ ምረጡ። በውል የሚሰጠው ወርኃዊ አገልግሎት የብድር ታሪክ ይጠይቃል፤ እናንተ ገና የላችሁም፤ ውሉም ለሁለት ዓመት ሊያስራችሁ ይችላል።

ብሪታንያ ቅድመ ክፍያ ሲም ያለ መታወቂያ ከሱፐርማርኬት ይገዛል። ጀርመን መታወቂያ በቪዲዮ ወይም በፖስታ ቤት ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ፓስፖርቱን በብርሃን አዙራችሁ ማሳየት ስላለባችሁ ደህና ካሜራና ፈጣን ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ጣሊያን ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለውን ባለ 16 ፊደልና አሃዝ የግብር መለያ ይጠይቃሉ፤ እሱ ሳይኖር ሲምም፣ ባንክም፣ የቤት ኪራይ ውልም የለም፤ መጀመሪያ እሱን አውጡ። ቻይና ሲም፣ ባንክና የክፍያ መተግበሪያ ሁሉም በፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም አንድ ዓይነት ካልተጻፉ አይያያዙም። ቻይና ውስጥ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ዝግ ናቸው፤ ዊቻት ደግሞ አዲስ ተመዝጋቢን በነባር ተጠቃሚ ሊያስመሰክር ይችላል። እናታችሁ ዊቻት ከፍታ ስማችሁን እዚያ ላይ ሳታዩ አትሳፈሩ።

ባንኩ

ባንኩ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ማንነት፣ ተማሪነት፣ አድራሻ። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። የመብራት ደረሰኝ በስማችሁ የለም፤ ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው የምዝገባ ክፍል አድራሻችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፉ። ብሪታንያ ውስጥ ይህ «የባንክ ደብዳቤ» ተብሎ የተለመደ ነው፤ በሴፕቴምበር ግን ወረፋው ብዙ ስለሆነ በደረሳችሁበት ቀን ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ያለው አድራሻ የክፍል ቁጥሩ ሳይቀር ፎርሙ ላይ ከሞላችሁት ጋር አንድ ይሁን። ጀርመን ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለባችሁ፤ የምዝገባው ወረቀት የአድራሻ ማስረጃ ይሆናል። ቀጠሮው ስለሚርቅ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ በኢንተርኔት ያዙት። ሰዓቱንም በእነሱ አቆጣጠር አንብቡ፤ ጠዋት 2፡30 ብላችሁ የምታስቡት እዚያ 8፡30 ነው።

አሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌለህ ሂሳብ አይከፈትም የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። ብዙ ባንኮች በፓስፖርት፣ በአይ-20 (ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ በሚሰጠው ቅጽ) እና በአድራሻ ማስረጃ ለተማሪ ይከፍታሉ፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎርም ግን ቁጥሩን ስለሚጠይቅ ግቢው አጠገብ ወዳለው ቅርንጫፍ በአካል ሂዱ። ካናዳ ውስጥ ሥራም ሆነ የሚገባ ገንዘብ ባይኖር ባንክ ሂሳብ እንዲከፍት ሕጉ ያስገድደዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው መሠረታዊ ሂሳብ የማግኘት መብት አለው፤ አንዱ ከከለከላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቃችሁ ወደ ሌላው ሂዱ።

የተማሪ ሂሳብ በሉ፤ «ተራ ሂሳብ» ብትሉ ወርኃዊ ክፍያ ይቆረጥባችኋል። ከሂሳባችሁ በላይ እንድታወጡ የሚፈቅደውን አገልግሎት አንገባም በሉ። ቋሚ አድራሻ ሲጠይቋችሁ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ጻፉ፤ የፖስታ ኮድ ባዶ መተው የማይቻል ከሆነ የአዲስ አበባው 1000 ነው።

ከአገር ቤት የሚላክ ገንዘብ

ብዙ ተማሪ ሂሳቡን የሚያጣው በዚህ በኩል ነው። ቤተሰብ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ሰው ብር ይሰጣል፤ በማግስቱ እናንተ ባላችሁበት አገር የማታውቁት ሰው ወደ ሂሳባችሁ ገንዘብ ያስገባል። ቀላልና ፈጣን ይመስላል። ባንኩ የሚያየው ግን ሌላ ነው፦ ገቢ የሌለው ተማሪ፣ ከማይታወቅ ሰው፣ ያለ ምክንያት። ያ ገንዘብ ከማጭበርበር የመጣ ከሆነ ተጠያቂው ተቀባዩ ነው። ሂሳቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል፤ ብሪታንያ ውስጥ በማጭበርበር መዝገብ የገባ ስም ለስድስት ዓመት ስለሚቆይ ሌላ ባንክም አይከፍትም። ቪዛ ለማደስ የሂሳብ መግለጫ ሲጠየቅም ምንጩን ማስረዳት አይቻልም። አገር ቤት ያሉትም የውጭ ምንዛሪ ሕግ ይጥሳሉ። በባንክ፣ ሰነድ አሟልቶ መላክ ዘገምተኛ ነው፤ ወረቀቱ ግን በእጃችሁ ይቀራል።

«ለሁለት ቀን ሂሳብህ ውስጥ ገንዘብ ይግባ፣ ኮሚሽን እሰጥሃለሁ» የሚል የአገር ልጅም ቢሆን እንቢ በሉት። ከባንክ ነኝ ብሎ የተላከላችሁን ኮድ እንድታነቡለት የሚደውል ሰውም ሌባ ነው፤ ዘግታችሁ ካርዱ ጀርባ ላይ ወዳለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

ስልክ ቢጠፋ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የውጭውን ባንክ ካርድ ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር አሳግዱ። ከዚያ አዲስ አበባ ላለው ወኪላችሁ ደውሉ፤ የኢትዮጵያውን ሲም አሳግዶ ምትክ ያውጣ፣ ባንኩም መተግበሪያውን እንዲዘጋ ያድርግ። ቀጥሎ ከቴሌግራም አሮጌውን ስልክ አስወጡ። ለፖሊስ መለያ ቁጥሩን ሰጥታችሁ ወረቀት ተቀበሉ። ይህ እንዲሆን የባንኮቹ ስልክ፣ የሂሳብ ቁጥሮቹ፣ ያ 15 አሃዝና የወኪላችሁ ቁጥር በወረቀት ተጽፈው ከፓስፖርቱ ቅጂ ጋር መቀመጥ አለባቸው፤ ስልኩ ውስጥ ብቻ ከሆኑ አብረው ጠፍተዋል።